ተመራማሪ ተራራ ከመውጣቱ በፊት ገመድ ማሰር ይማር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ለ27 ዓመት የመስክ መኪና ሹፌር ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ጎንደር ቤቴ ተቀምጫለሁ። ተመራማሪ ጭኜ ስሜን ተራሮችን ስንት ጊዜ እንደወጣሁ ቆጥሬ አላውቅም። አፈር የሚለካውንም፣ ዋልያ የሚቆጥረውንም፣ ድንጋይ የሚሰብረውንም አመላልሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ልጄ በስልክ የነገረችኝ ነገር ነው።

ልጄ የምታጠናው የበረዶ ግግር ነው። ለዶክትሬቷ ስቫልባርድ ሄዳለች። ስቫልባርድ የኖርዌይ ደሴቶች ናቸው፤ ያሉት በኖርዌይ ዋና ምድርና በሰሜን ዋልታ መሀል ነው። ከግማሽ በላይ መሬቱ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነው። ባለፈው መጋቢት ደወለችልኝ።

«አባባ፣ ዛሬ ስንጥቅ ውስጥ አንጠልጥለውኝ ዋሉ» አለችኝ።

እናቷ አጠገቤ ቡና እየቆላች ነበር። ምጣዱን ትታ ስልኩን ነጠቀችኝ። «ማን ነው ያንጠለጠለሽ? ምን አድርገሽ?» ትላለች። ልጅቷ ትስቃለች። ቡናው አረረ። ነገሩ ሥልጠና መሆኑን እስክታስረዳን ድረስ እናቷ ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ስለት ተስላ ጨርሳ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚያ ያለው የዩኒቨርሲቲ ማዕከል ተማሪን ያለ ደኅንነት ሥልጠና ወደ መስክ አይለቅም። መምህርም ሆነ ጀማሪ ያው ነው። መሣሪያ መተኮስ ሳይቀር ይማራሉ፤ ነጭ ድብ አለ። ውኃ የማያስገባ ልብስ ለብሰው ቀዝቃዛ ባሕር ውስጥ ይገባሉ። በረዶ ተንዶ የቀበረውን ሰው በመፈለጊያ መሣሪያ ማግኘት ይለማመዳሉ። የተቀበረ ሰው ሩብ ሰዓት ካለፈው የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይወርዳል፤ ስለዚህ ከሩቅ የሚመጣ እርዳታ አይደርስለትም፤ የሚያወጣው አብሮት ያለው ሰው ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን የገመዱ ነገር ነው። እሱን ትንሽ ላስረዳ።

የበረዶ ግግር ቆሞ የሚቀር ነገር አይደለም። በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ቁልቁል ይሄዳል። ሥሩ ያለው መሬት ሲያዘቀዝቅ ወይም ሲታጠፍ ከላይ ያለው በረዶ መለጠጥ ያቅተውና ይሰነጠቃል። የደረቀ የገብስ ቂጣ ስታጥፉት ላዩ እንደሚፈነዳው ማለት ነው። ስንጥቁ አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ሜትር ሊጠልቅ ይችላል። ክፋቱ ደግሞ አይታይም። አዲስ የወረደ አመዳይ አፉን ይሸፍነዋል፣ ንፋሱ ይደለድለዋል፣ ከላይ ሜዳ ይመስላል። ደምቢያ ያደገ ሰው ይህ ይገባዋል። ዋልካ መሬት በበጋ ሲሰነጠቅ ሣር ይሸፍነውና ስንት በሬ እግሩን ይሰብራል። እዚያ ግን የሚገባው እግር ብቻ አይደለም፣ ሰውዬው ሙሉ ለሙሉ ነው።

ስለዚህ ሦስት ሆነው በአንድ ገመድ ይታሰራሉ። በመሀላቸው አሥር ሜትር ያህል ይተዋሉ። ፊት ያለው መሬቱን በዘንግ እየወጋ ይሄዳል። እሱ ከገባ ሁለቱ ወዲያው መሬት ላይ ወድቀው በተረከዛቸውና በበረዶ መጥረቢያቸው ይይዙታል። ከዚያ አንዱ ሸክሙን እንደያዘ ሌላው በረዶው ውስጥ ችካል ይቀብርና ገመዱን ከሱ ጋር ያስራል። ቀጥሎ በመዘውር ይጎትቱታል። ልጄ 52 ኪሎ ናት። እንድታወጣው የሰጧት ሰውዬ 90 ኪሎ ይሆናል። ገመዱን በመዘውር እያመላለሰች ሸክሙን ለሦስት ትከፍለዋለች፤ የምትስበው 30 ኪሎ ያህል ይሆናል ማለት ነው፣ በገመዱ መፋተግ ይጨምራል እንጂ። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አሠልጣኙ ሰዓት ይዞ ከጎን ቆሟል፣ አይናገርም። በሦስተኛው ቀን 20 ደቂቃ ፈጀባት።

ለምን ሰዓት እንደሚይዙ ጠየቅኋት። በመታጠቂያ ተንጠልጥሎ መቆየት ራሱ አደገኛ ነው አለችኝ። ሰውየው ካልተንቀሳቀሰ ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀማል፣ ራሱን ይስታል። ስለዚህ የተንጠለጠለውም ሥራ አለው፦ ከገመዱ ላይ የእግር መቆሚያ ቀለበት ያስራል፣ በእሱ ላይ ይቆማል፣ እግሩን ያንቀሳቅሳል። ብርዱም አለ። ስንጥቅ ውስጥ ፀሐይ የለም።

አንድ ነገር ስትጨምር ግን ዝም አልኩ። «አባባ፣ ሲጎተት ገመዱ የስንጥቁን ጠርዝ እየቆረጠ በረዶው ውስጥ ይቀበራል። ስለዚህ ከመጎተታችን በፊት ጠርዙ ላይ ቦርሳ ወይም የመጥረቢያ እጀታ እናነጥፋለን» አለችኝ።

እኔ ይህን ዐይቼዋለሁ። ያየሁት ስሜን ውስጥ ቧሂት የሚባል ተራራ ላይ ነው፣ በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም.።

ያን ጊዜ አራት ተማሪዎችና አንድ መምህር ይዤ ነበር የወጣሁት። ጥናታቸው በጥንት ዘመን በረዶ ገፍቶ ስላመጣቸው ድንጋዮች ነው። ብዙ ሰው አያውቅም እንጂ ስሜን ላይ የበረዶ ግግር ነበር። ዛሬ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም፤ ዱካው ግን ቧሂትና ራስ ደጀን አካባቢ ድንጋዩ ላይ አለ። ዛሬ በአፍሪካ የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በርዌንዞሪ ላይ ነው፣ እሱም ከዓመት ዓመት እያለቀ ነው።

ቧሂት ሥር ያለው ሰፈር፣ ጨነቅ፣ አደርን። ሌሊቱ ጥርት ያለ ነበር፣ እንዲህ ያለ ሌሊት ውርጭ ያመጣል። ሲነጋ የመኪናው መስታወት ነጭ ሆኗል። በእግር ወጣን። ከእኛ ጋር ከደባርቅ የመጣ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ነበር፣ በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጥ። «አያ» እያልን ነው የምንጠራው። «ፀሐይ ትውጣ፣ የጓሳው ሣር ውርጭ ይቅለጥ» አለን። መምህሩ ቸኮለ። ቀኑ አጭር ነው፣ ሥራው ብዙ ነው። የቸኮለበትን ምክንያት አውቃለሁ፣ በክፋት አይደለም።

አንደኛው ተማሪ ድንጋይ ፎቶ ሊያነሣ ከመንገዱ ሁለት እርምጃ ወጣ። ጓሳው ላይ ያለው ውርጭ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሲጮህ አልሰማሁም። ድንጋይ ሲንከባለል ነው የሰማሁት። ሮጠን ስናይ ከታች፣ ሁለት ፎቅ በሚያህል ርቀት፣ መደብ በምታክል ጠርዝ ላይ ተጋድሟል። ከጠርዟ በታች ያለውን ጨነቅ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ እግሩ ባልሆነ አቅጣጫ ዞሯል። ዐይኑ ክፍት ነው። «ጋሼ» አለኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

ገመድ ነበረን። የጭነት ገመድ፣ የቃጫ፣ ድንኳንና ጆንያ የማስርበት። ወደ መኪናው እየሮጥኩ ወርጄ እስካመጣው ድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሄደ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስድስት ሰው ተሰብስበን ማንም እንዴት እንደሚያስር አያውቅም። ወገቡን ብናስረው ሆዱን ያንቀዋል። ብብቱን ብናስረው ይሾልካል። መምህሩ አንድ ይላል፣ ተማሪዎቹ ሌላ ይላሉ። አንዷ ታለቅሳለች። አያ አልተናገረም። ጠመንጃውን ለእኔ ሰጠኝ፣ ጋቢውን አወለቀ፣ ገመዱን በጭኑና በደረቱ አዙሮ ራሱን አሰረና «ያዙኝ» ብሎ ወረደ።

ልጁን አስሮ ስንጎትት ነው ያየሁት። ገመዱ የድንጋዩ ጠርዝ ላይ ይፋቃል። ቃጫው አንድ፣ ሌላ አንድ፣ እየተበጠሰ ወደ ላይ ይቆማል፣ የፈራች ድመት ጠጉር ይመስላል። ዐይኔ ከዚያ አልነቀል አለ። አያ ከታች ጮኸ፦ «ጋቢውን! ጋቢዬን ሥሩ አንጥፉ!» አነጠፍን። ገመዱ ያዘልን። ልጁ ወጣ፣ ቀጥሎ አያ ወጣ።

አያ ይህን ማንም አላስተማረውም። ከልጅነቱ ጀምሮ ገደል የገባ ፍየል ሲያወጣ ነው የለመደው። ጃናሞራ ተወልዶ ጠርዝ ላይ ባያድግ ኖሮ፣ ወይም ያን ቀን ሌላ ስካውት ተመድቦ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ልጅ ዛሬ የለም። ያ ሁሉ ትምህርትና በጀት ይዘን የወጣነው አንድ ጋቢ ላይ ተንጠለጠልን።

ከዚያ በኋላ የሆነውም ያሳፍራል። እግሩን በእንጨት መደገፍ እንዳለብን አላወቅንም። አንገቱን ሳንይዝ በበቅሎ ጭነን አወረድነው። በየእርምጃው ሲጮህ እስካሁን ይሰማኛል። ሕክምና ቦታ ስንደርስ ሐኪሙ «ማን ነው እንዲህ ያንከራተተው?» ብሎ ተቆጣን። ልጁ ዳነ። እግሩ ግን አጥሮ ቀረ። ዛሬም ያነክሳል።

ተመልሼ ለምሠራበት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፍኩ። ስሙን አልጠራም፣ ዛሬ ሌሎች ሰዎች ናቸው ያሉት። እውነተኛ የተራራ ገመድ፣ ሄልሜት፣ ቃሬዛና የሦስት ቀን ሥልጠና ጠየቅሁ። ለሹፌሩም፣ ለተማሪውም፣ ለመምህሩም። መልሱ በቃል ነው የመጣው። በጀት የለም ተባለ። ሌላኛው ኃላፊ ደግሞ «እስካሁን የሞተ አለ እንዴ?» አለኝ።

እኔ ሹፌር ነኝ። ክሪክና ተጠባባቂ ጎማ ሳልይዝ ከጎንደር ወጥቼ አላውቅም። ጎማ እስኪፈነዳ ጠብቆ ክሪክ የሚገዛ ሹፌር የለም። ገመድና ቃሬዛ ላይ ሲሆን ለምን ሌላ ሂሳብ እንደምንሠራ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ደግሞ ገደሉ ብቻ አይደለም። ከፍታው አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ነው። ጨነቅ 3,600 ያልፋል። ቧሂት 4,430 ነው። በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት፣ በደባርቅ አድርገን ጠዋት ተነሥተን ማታ ጨነቅ እናድራለን፤ እኔ ራሴ ስንቴ አድርጌዋለሁ። የከፍታ ሕመም ግን ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። ባለሙያዎች ከ3,000 በላይ ሲወጣ የሚታደርበት ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመክራሉ። እኛ በአንድ ቀን 1,400 ነው የምንጨምረው።

አንድ ጊዜ ከመተማ የመጣ ተማሪ ግጭ በሚባለው የስሜን ሰፈር ላይ ራሱን አመመው። ማታ አስመለሰው። መምህሩ ማስታገሻ ሰጥቶ «ተኛ፣ ይለቅሃል» አለው። ሌሊት ለሽንት ሲወጣ እንደ ሰከረ ሰው ሲንገዳገድ አየሁት። ስሙን ጠየቅሁት፣ ቶሎ አልመለሰልኝም። ሕመሙን አላውቀውም ነበር፣ ግን ሆዴ ፈራ። በበቅሎ አድርገን መኪናው እስካለበት አደረስነው፣ በሌሊት ወደ ደባርቅ አወረድኩት። ጠዋት እንጀራ በላ። ኋላ ነው ያነበብኩት፦ መንገዳገድና ግራ መጋባት አንጎል በከፍታ ምክንያት ማበጡን ያሳያል፤ ተቀምጦም ቢሆን ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ሳንባ ውኃ እየያዘ ነው። ለሁለቱም ዋናው መድኃኒት ቶሎ መውረድ ነው። ማደር አይደለም፣ ማስታገሻ ውጦ መጠበቅ አይደለም፤ መውረድ። ይህን ለማስተማር ሰዓት እንኳ አይፈጅም። እኔ ግን የተማርኩት አደጋው ካለፈ በኋላ ነው።

ልምድ ያለው ሰው ሥልጠና አያስፈልገውም የሚሉ አሉ። ልጄ ስለ ኮንራድ ስቴፈን ነገረችኝ። ስዊዘርላንዳዊ ሳይንቲስት ነው። ግሪንላንድ ላይ ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የምርምር ሰፈር ነበረው። በረዶውን እንደ ጓዳው ያውቀዋል። ነሐሴ 2020 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ሰፈሩ አጠገብ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሞተ። 68 ዓመቱ ነበር። ከእሱ በፊት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ጎርደን ሐሚልተን የሚባል ተመራማሪ አንታርክቲካ ላይ በበረዶ ሞተር ሲሄድ ስንጥቅ ገብቶ ሕይወቱ አልፏል። እሱም ዕድሜውን በረዶ ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም የማነሣቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ብዙ ዓመት አብሮን የኖረ ነገር ፍርሃታችንን ይወስደዋል ለማለት ነው። እኔም በየዓመቱ በዚያ መንገድ ስወጣ ገደሉን ማየት ትቼ ነበር። ልጄ ደግሞ በየዓመቱ ሥልጠናውን እንደገና ትወስዳለች። አንድ ጊዜ ተምሬያለሁ ብሎ መቅረት የለም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ተማሪና መምህር ወደ ስሜን፣ ወደ ባሌ፣ ወደ ጉና፣ የትም ከፍታ ቦታ ለምርምር የሚልክ ተቋም ሁሉ፣ ያለ ተግባር ሥልጠና የመስክ ደብዳቤ አይፈርም። ተግባር ያልኩት አውቄ ነው። አዳራሽ ውስጥ ስላይድ አይቶ መውጣት አይደለም። እጅ ገመድ ይያዝ። ሰው ይንጠልጠል፣ ሰው ይውጣ፣ አንዱ በሰዓት ይለካ። ቃሬዛ ላይ ጓደኛን ጭኖ ሽቅብ ቁልቁል ይኬድ፤ ያኔ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ ይታወቃል። ስድስት ሰው ለግማሽ ሰዓት ተሸክሞ ይደክማል፣ ሰው ግን ይህን የሚያውቀው ሲሸከም ነው።

ሹፌሩን አትርሱ። አደራ እላለሁ። ስካውቱን፣ ምግብ አብሳዩን፣ በቅሎ ነጂውን አትርሱ። ተማሪ ሲወድቅ ከላይ የሚቆሙት እነሱ ናቸው። ሥልጠና ሲመጣ ግን አበል የሚፈረምላቸው ዲግሪ ያላቸው ብቻ ሲሆኑ ዐይቻለሁ። ገመዱን የሚይዘው ዲግሪ አይደለም።

በተቋሙ ሰው እጅ ሁልጊዜ አንድ ወረቀት ይቀመጥ፦ የት እንሄዳለን፣ ስንት ነን፣ መቼ እንመለሳለን፣ በዚህ ሰዓት ካልደወልን ማንን ላኩ። ቧሂት ላይ ኔትወርክ የጠፋ ቀን ማን ያውቅልን ነበር? ሚስቴ ብቻ። እሷም የምታውቀው ስሜን መሄዴን ነው።

ከውጭ አሠልጣኝ እስኪመጣ መጠበቅም አያስፈልግም። የመጀመሪያ እርዳታውን ቀይ መስቀል ያሠለጥናል። ገደሉ ሊማሊሞ ላይ አለልን፣ ደባርቅን እንዳለፋችሁ። የበረዶ ግግር ባይኖረንም የገመዱ ሥራ ያው ነው፤ ጠርዝ ጠርዝ ነው። ለኪሊማንጃሮ ወይም ለኖርዌይ የሚሄድ ልጅም ገመድ ማሰሩን እዚህ ተምሮ ቢሄድ እዚያ የሚጨምረው የበረዶውን ብቻ ነው። ልጄ ከ11 የቡድኗ ተማሪዎች ገመድ በእጇ ይዛ የማታውቅ እሷ ብቻ እንደነበረች ስትነግረኝ ከፋኝ። የስሜን ሥር ልጅ ናት እኮ።

አያ ዛሬም አለ። እሱም ጡረታ ወጥቷል፣ ደባርቅ ነው የሚኖረው። ባለፈው ወር ሄጄ ጠየቅሁት። «ፍየል ማውጣት ለዶክተሮች ላስተምር?» አለኝ። አዎ አልኩት፣ የምሬን ነው። ልጄ በስልክ ያሳየችኝን ቋጠሮ አሳየሁት። ፕሩሲክ ይባላል፤ ካርል ፕሩሲክ የሚባል ኦስትሪያዊ ነው በ1931 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው። ቀጭን ገመድ በወፍራሙ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል። ሸክም ሲኖርበት ነክሶ ይይዛል፣ ሸክሙ ሲነሣለት በእጅ ይገፋል። በዚህ ቋጠሮ ሰው ብቻውን ገመድ ይወጣል። እኔ የልብስ ማስጫ ገመድ ቆርጬ የመስኮቱ ብረት ላይ ተለማመድኩት። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። 27 ዓመት ተራራ ስወጣ ይህን የግማሽ ሰዓት ነገር ያሳየኝ ሰው አልነበረም። አያ ገመዱን ተቀበለኝ፣ አገላበጠው፣ በሁለተኛው ሙከራ አሰረው።

ጎንደርም ሆነ ደባርቅ ላይ እንዲህ ያለ ሥልጠና የሚያዘጋጅ ክፍል ካለ፣ አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ አለ። ተማሪዎቹን ያለ ክፍያ እኔ አደርሳለሁ፤ መንጃ ፈቃዴ አልተቃጠለም፣ ዐይኔም ደህና ነው። አያም እሺ ብሏል። ያ የቃጫ ገመድ ቤቴ አለ፣ የተበጠሰው ቦታ እንዳለ ነው። እሱንም ይዤ እመጣለሁ፣ ልጆቹ በእጃቸው ይንኩት።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የመስክ ሹፌር፣ ከጎንደር